ዊንዶውስ ቪስታና የአማርኛ ጽሑፍ

ዊንዶውስ ቪስታ በጃንዋሪ 2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ በቀረበ ጊዜ የተጠቃሚዎች አስተያየት በሁለት ተከፈለ። በ2001 የወጣው ኤክስፒ በትንሹ 64 ሜጋባይት የማስታወሻ አቅም ሲበቃው፣ አዲሱ 512 ሜጋባይት ይጠይቅ ነበር። ከዚህም በላይ አንዳንድ ነባር የማተሚያ መሣሪያዎች ከአዲሱ ሥርዓት ጋር አለመስማማታቸው ብዙዎችን የለመዱትን እንዲመርጡ አደረጋቸው። ቅሬታቸውም መሠረት የሌለው አልነበረም።

ይሁን እንጂ ለአማርኛ ጸሐፊ ጉዳዩ ሌላ ገጽታ ነበረው። ኤክስፒ የኢትዮጵያን ፊደል ይዞ ባለመምጣቱ፣ ፊደሉ በተለየ ፕሮግራም ይጨመር ነበር። ከቀደሙት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም አልባ ምልክት ይሆን ነበር። ዩኒኮድ በ1999 ለፊደሉ የጋራ ቁጥር ሰጠ፤ ቪስታም «ኒያላ» የተባለውን የፊደል ቅርጽና የአማርኛ መጻፊያ ዘዴ ከራሱ ጋር አቀረበ።

ብዙዎች ግን ዊንዶውስ 7 በ2009 እስኪወጣ ጠበቁ። የኤክስፒ የተራዘመ ድጋፍ በኤፕሪል 2014 ሲያበቃ ደግሞ በአሮጌው መቆየት የደኅንነት ሥጋት ሆነ።

እንግዲህ ክርክሩ የአዲስነትና የአሮጌነት ብቻ አልነበረም። ለጽሑፍ ባለሙያ ከመሣሪያው ፍጥነት ጋር አብሮ የሚመዘን ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም ዛሬ የተጻፈው ነገ በሌላ እጅ መነበቡ ነው።