የሐይቁ ቆሮሶና የኔ ስህተት

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አንድ ነገር ላስተካክል። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሳስተምር፣ በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ የአካባቢው ሰው ከሐይቁ ቆሮሶ ያጠምድ ነበር ብያችኋለሁ። ተሳስቻለሁ።

ያረመኝ አንድ ልጅ ነው። ለእረፍት ከጎብዬ ተነስቼ በወልድያ፣ በመርሳና በውጫሌ አድርጌ ሐይቅ ወረድኩ። ትልቅ መንጠቆ ላይ ሥጋ ሰክቼ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ፤ ምንም! ልጁ አይቶኝ ሳቀ። "ጋሼ፣ ይሄኮ የአምባዛ ነው" አለኝ።

እውነቱን ነው። አምባዛ አፈ ሰፊ ነው፤ ከታች ጭቃው ላይ በጢሙ እየዳበሰ፣ በሽታ እየተመራ ይበላል፤ በተለይ ሲመሽ። ቆሮሶ ግን አፉ ትንሽ ነው። ዋና ምግቡ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ቢሆንም ትል አይንቅም። ልጁ ከእርጥብ አፈር የምድር ትል ቆፍሮ፣ ትንሿ መንጠቆ ላይ ከነነፍሱ ሰካው፤ ጫፉን እንዲወራጭ ለቀቅ አደረገው። ወዲያው ያዘ።

"ማን አስተማረህ?" ስለው "አባቴ። አያቴ ግን ልጅ ሆነው ቆሮሶ አያውቁም ነበር" አለኝ።

ቤት ገብቼ ሳነብ፣ ለካ ቆሮሶ ሐይቅ ውስጥ የተጨመረው በ1971 ዓ.ም. ገደማ፣ በደርግ ጊዜ ነው! ያቋረጥኳት ውጫሌ ውሏን የፈረመችው በ1881 ነው፤ ቆሮሶው በ90 ዓመት ያንሳታል። ጣና ላይ የወይጦዎቹ የደንገል ታንኳ የቆየ ነው፤ የሐይቅን ቆሮሶ ግን ከዚያ ጋር አታምታቱት፣ እንደኔ።

ደብተሩ ያላችሁ ሰርዙት። እኔ ለፋሲካ አያትየውን ላናግር እመለሳለሁ፤ ትንንሽ መንጠቆም ገዝቻለሁ።