የቃጠሎ የመጀመሪያው መድኃኒት

በከሰል ምድጃ ላይ የተጣደ ድስት ሲገለበጥ ወይም ትኩስ ቡና እጅ ላይ ሲፈስ፣ በጅቡቲ ከተማም እንደ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ሁሉ ብዙዎች ወደ ቅቤ፣ ወደ ሊጥና ወደ ጥርስ ሳሙና ይሮጣሉ። ቃጠሎን መለጠፍና መቀባት ጥንታዊ ልማድ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው የግብፃውያን የኤበርስ ፓፒረስ ጭቃንና ማርን ይጠቅሳል። እስከ 10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖረው ፋርሳዊው ሐኪም አል ራዚ ግን ቀዝቃዛ ውሃን መከረ። የዛሬው ሕክምናም በዚህ ይስማማል።

ጅቡቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1888 ከተቆረቆረች ወዲህ ውሃ ውድ ሀብቷ ነው። ዋና ምንጯ የአምቡሊ ጉድጓዶች ነበሩ፤ በ2010ሮቹ ደግሞ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል በቧንቧ ውሃ ተሳበላት። ቆጣቢው ቤተሰብም ቢሆን በቃጠሎ ጊዜ ውሃን ሊሳሳለት አይገባም። ቅቤ ሙቀቱን አምቆ ያስቀራል፤ ቁስሉ በጠለቀና ባመረቀዘ መጠን ደግሞ ጠባሳው ይከፋል።

ስለዚህ ቀለበትና አምባር ወዲያው ይውለቅ፤ ቃጠሎው ለ20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ይቆይ፤ በረዶ አይነካው። ውሃ የቋጠረው አይፈንዳ፤ ቁስሉም በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን። ከዳነ በኋላ አዲሱን ቆዳ በቫዝሊን ማለስለስና ከጅቡቲ ብርቱ ፀሐይ መከለል ጠባሳው እንዳይጠቁር ይረዳል። ፊትን፣ እጅን፣ መገጣጠሚያን ወይም ሕፃንን ያገኘ ቃጠሎ ግን ከውሃው በኋላ ለሐኪም ይታይ።