ባትሪውን የሚቆጥብ ፔስሜከር

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 1957 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ መብራት ጠፋ። በዚያ ዘመን ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የልብ ምታቸው የታወከ ሕፃናት የሚረዱት ከግድግዳ ሶኬት ኃይል በሚያገኝ ፔስሜከር ነበር። አደጋውን የተገነዘቡት ዶክተር ዋልተን ሊለሃይ መፍትሔ እንዲፈልግ የጠየቁት ኧርል ባከን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ ሠርቶ አቀረበ።

በ1958 በስዊድን ፔስሜከር ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው አካል ውስጥ ተቀበረ። ታካሚው አርነ ላርሰን ይባላሉ። ባትሪው በቆዳ በኩል ከውጭ የሚሞላ ቢሆንም መሣሪያው በሰዓታት ውስጥ ተበላሸ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ባትሪው ምን ያህል ይቆያል የሚል ሆነ፤ ባትሪ ባለቀ ቁጥር ታካሚው ዳግም ለቀዶ ሕክምና ይቀርባልና። በ1972 ሥራ ላይ የዋለው የሊቲየም-አዮዲን ባትሪ ዕድሜውን አረዘመ። ከሁሉ የሚልቀው ግን መሣሪያው የራሱን ኃይል መቆጣጠር መቻሉ ነው። በ1960ዎቹ በባሩህ በርኮቪትስ የተነደፈው ፔስሜከር ልብ በራሷ ስትመታ ዝም ይላል። ዋና ዓላማው ከተፈጥሮው ምት ጋር አለመጋጨት ቢሆንም ኃይልንም ቆጠበ። በ1990ዎቹ የመጡት ደግሞ ልብ ለግፊቱ መልስ መስጠቷን እያረጋገጡ ቮልቴጁን በራሳቸው ዝቅ ያደርጋሉ፤ ቮልቴጅ በግማሽ ሲቀንስ የእያንዳንዱ ግፊት ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል።

ላርሰን በ2001 በ86 ዓመታቸው ሲያርፉ ከ20 በላይ ፔስሜከር ተቀይሮላቸው ነበር።