ቅጠል ሰርሳሪ፤ የአንድ ስያሜ ታሪክ

ከአምቦ አልፎ በጉደር የአትክልት ማሳ የቲማቲም ቅጠል ቆርጦ ወደ ፀሐይ አንሥቶ የተመለከተ ሰው፣ በላይኛውና በታችኛው የቅጠሉ ገጽ መካከል ጥቁር ኩሱን እያስቀረ የሚጓዝ እጭ ሊያይ ይችላል። ከውጭ የሚታየው ግን የነጣ ጠባሳ ብቻ ስለሆነ ጉዳቱ በሽታ ይመስላል። ለበሽታ የተሰጠ መድኃኒት ደግሞ እጩን አይገድልም፤ በቅጠሉ ገጽ ላይ ብቻ የሚቀር ፀረ ተባይም አይደርስበትም። በስያሜው ላይ መጨነቃችን ስለዚህ ነው።

ፈረንሳዊው ሬኦሙር እ.ኤ.አ. ከ1734 እስከ 1742 ባሳተመው ሥራው እነዚህን ትሎች ሲጠራ የተጠቀመበት ቃል ለማዕድን ቆፋሪም፣ በምሽግ ሥር ለሚምስ ወታደርም የሚነገር ነው። እንግሊዝኛውም ይህንኑ ይዟል። የእኛ ተርጓሚ ማዕድንን ከጨበጠ ግን ተሳሳተ፤ ከቅጠል ማዕድን የሚያወጣ የለምና።

ከአማርኛ ግሦች በመልክ የሚቀርበው «ፈለፈለ» ነበር፤ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የምንገልጸው በእርሱ ነው። ሆኖም እጩ ራሱ ከእንቁላል «ይፈለፈላል»፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱ ቢገናኙ አንባቢው ይደናገራል። «ቆርቁር»ን አገዳ ቆርቁር ቀድሞ ወስዶታል። «ቦረቦረ» ውስጥ ውስጡን መብላትን በሚገባ ያሳያል፤ እኛም ወደ እርሱ እናደላ ነበር። ነገር ግን «ቅጠል ሰርሳሪ» በግብርና ባለሙያዎች ዘንድ ሥር ሰድዷል፤ ሰርሳሪ ሌባን የሚያውቅ ሁሉም ይረዳዋል።

ስያሜው የኑሮ ስልትን እንጂ ዘርን አያመለክትም። የቡናው ሊዩኮፕቴራ የእሳት ራት ወገን ነው፤ ሊሪዮማይዛ ዝንብ ናት። የመጀመሪያው እጭ የሚለይ ራስ አለው፤ የሁለተኛው የለውም። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2006 በስፔን፣ በ2012 በኢትዮጵያ የታየው የቲማቲም ተባይ፣ ቱታ አብሶሉታ፣ ከእሳት ራቶች ይመደባል። (ቱታ በአማርኛ የሥራ ልብስ መሆኑ ለሳቅ ዳርጎናል።)

በምዕራብ ሸዋ የገበሬው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ቅጠል «ባላ»፣ ትል «ራሞ» ይባላል። ስለዚህ አምቦ ላይ የሚሠራ ተርጓሚ አማርኛውን ብቻ ይዞ ወደ ማሳው ቢወርድ ሥራው ጎደሎ ነው።

ነፍሳቱ ስም አገኙ፤ የሠሩት መንገድ ግን ገና በየጽሑፉ «መስመር»፣ «ጠባሳ»፣ «ነጠብጣብ» እየተባለ ይዘበራረቃል። ቀጭኑንና ጥምዝምዙን «ሰርጥ»፣ ሰፊውን «ዋሻ» እንድንለው እናቀርባለን፤ ሰርጡ እጩ እያደገ ሲሄድ እየሰፋ ስለሚመጣ፣ ጠባቡ ጫፍ መነሻው መሆኑም በፍቺው ይግባ።