የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አጫጭር የእግር መንገዶች

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አጫጭር የእግር መንገዶች በአማራ ክልል ሰሜን ጎንደር ዞን ውስጥ የሚገኙ፣ ከመኪና መንገድ ወይም ከካምፕ ተነስተው ከጥቂት ደቂቃ እስከ ሁለትና ሦስት ሰዓት ባለ ጊዜ ገደል አፋፍ ላይ የሚያደርሱ መንገዶች ናቸው። ፓርኩ ይበልጥ የሚታወቀው ድንኳንና በቅሎ ተይዞ ለቀናት በሚደረገው የራስ ዳሸን ጉዞ ስለሆነ፣ አንድ ቀን ብቻ ያለው ጎብኚ የሚያየው ነገር ያለ ላይመስለው ይችላል። ሆኖም ከታወቁት እይታዎች በርካቶቹ ከመንገድ ብዙም አይርቁም።

አቀማመጥ

መንገዶቹ ቀላል የሆኑት በመሬቱ አፈጣጠር ምክንያት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ የተደራረበው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ከላይ ሰፊ አምባ ሠራ፤ ከዚያ በኋላ ዝናብና ወንዝ ሰሜናዊውን ጎን እየሸረሸሩ በአንዳንድ ቦታ እስከ 1,500 ሜትር የሚወርድ ገደል ፈጠሩ። ስለዚህ ላዩ ለመራመድ የሚመች ሲሆን ዳሩ ግን በድንገት ይቋረጣል። ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ የሰሜን ወሎ ደጋ ምሥራቃዊ ግርጌ ላይ በመሆናቸው፣ እዚያ ያደገ ሰው ተራራን የሚያውቀው ከታች አንጋጦ ነው። እዚህ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሽቅብ የሚወጣው መኪናው ነው፤ እግረኛው ቁልቁል ያያል።

መንገዶቹ

ከደባርቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገኘው ቡይት ራስ ነው። ከመንገዱ ጥቂት እንደተራመዱ አፋፉ ይደረሳል፤ የጭላዳ መንጋም ብዙ ጊዜ አይታጣም። ጭላዳዎች ሌሊቱን ከአውሬ ለመሸሽ ገደሉ ላይ ያድሩና ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥተው ሣር ይነጫሉ። በመሆኑም በጠዋት መድረስ ይመረጣል። ከቡይት ራስ እስከ ሳንቃበር ካምፕ አፋፉን ተከትሎ በእግር መሄድም ይቻላል፤ ከአጫጭሮቹ መካከል ረዘም የሚለው ይህ ነው።

ከሳንቃበር አለፍ ብሎ የጅንባር ፏፏቴ መመልከቻ አለ። ከመንገዱ በአስታ ዛፎች መካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ከተሄደ በኋላ ግራና ቀኙ ገደል የሆነ ጠባብ ጉብታ ላይ ይደረሳል፤ ፏፏቴው ከፊት ለፊት ወደ ጥልቁ ሸለቆ ሲወርድ ይታያል። መስከረምና ጥቅምት ውሃው ሙሉ ነው፤ በበጋው ማብቂያ ግን ይሳሳል።

ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ጊዜው ለአንድ ቦታ ብቻ ለሚበቃ ሰው የሚመረጠው እሱ ነው። መመልከቻው ከካምፑ የደቂቃዎች መንገድ ነው። በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች በቀር የማይገኘው ዋልያ ጠዋትና አመሻሽ ላይ በአካባቢው ገደላማ ቁልቁለት ሲግጥ ይታያል። ጅብራ፣ ጓሳና ጦስኝ በብዛት ይበቅላሉ፤ አጥንት ከሰማይ ጥሎ እየሰበረ የሚበላው ጢማም ጥንብ አንሳም ከተመልካቹ እግር በታች ሲያንዣብብ ማየት የተለመደ ነው።

እሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) በውበቱ ከሁሉም ይጠቀሳል፤ ግን የሚደረሰው ከግጭ በኩል በእግር ስለሆነ ከአጫጭሮቹ አይቆጠርም።

ጥንቃቄ

መንገዱ አጭር ቢሆንም ከፍታው አጭር አይደለም። በጨነቅ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ካለችው መርሳ የሚነሳ ሰው አንድ ሌሊት ደባርቅ ቢያድር ሰውነቱ ከፍታውን መልመድ ይጀምራል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከበረታ መፍትሔው ወደ ታች መውረድ ነው። አፋፉ ላይ አጥር የለም፤ በክረምት ጉም ሲወርድ የገደሉ ጠርዝ ስለማይለይ ከአስጎብኚው ቀድሞ መሄድ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተነሳው ቃጠሎ ጓሳውንና አስታውን ክፉኛ ስለጎዳ፣ በበጋ እሳት መለኮስ ቀላል ነገር ተደርጎ መታየት የለበትም።

አደራረስ

ከወልድያ በድልብ፣ በጋሸና እና በደብረ ታቦር አድርጎ እስከ ወረታ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከወረታ ወደ ሰሜን ጎንደር፣ ከጎንደር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደባርቅ ይገባል። በአንድ ቀን ለመድረስ መቸኮል አይመከርም። የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመውና አብሮ የሚሄደው የታጠቀ ጠባቂ (ስካውት) የሚመደበው ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። ከጦርነቱና ከክልሉ ግጭት ወዲህ የመንገዱ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ ከመነሳት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፓርኩና ነዋሪው

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች ውስጥ ተመዘገበ። የዋልያ ቁጥር መመናመንና የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ አስገቡት፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ሌላ ስፍራ ከሰፈሩ በኋላ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ለነዋሪው አጭሩ ጉብኝት የሚያስገኘው ጥቅምም አጭር ነው፦ የቀን ጎብኚ አስጎብኚና ጠባቂ ይዞ ይመለሳል፤ በቅሎ የሚያከራየውና ምግብ የሚያበስለው ገቢ የሚያገኙት ጎብኚው ሲያድር ነው።