የቴፑ ምስክርነትና ወሰኑ፦ ስለ አንድ የሮክ አልበም አሠራር በተሠራ ዘጋቢ ፊልም ላይ

ስለ ታዋቂ አልበሞች አሠራር የሚቀርቡ ዘጋቢ ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚቆሙት በሙዚቀኞች ትዝታ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ትዝታ ደግሞ ለባለቤቱ ማድላቱ አይቀርም። «ክላሲክ አልበምስ» የተሰኘው ተከታታይ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ፒንክ ፍሎይድ ባንድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» አልበም ያቀረበው ፊልም ግን ሌላ ምስክር ይጨምራል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ለየብቻው የተቀረጸበትን ባለብዙ ትራክ ቴፕ።

ከአባላቱ አንዱ ሮጀር ዋተርስ በ1985 ከባንዱ በጠብ ወጥቷል። በመሆኑም በፊልሙ አራቱ አባላት ቃላቸውን የሚሰጡት ለየብቻቸው ነው። አልበሙ በለንደኑ አቢ ሮድ ስቱዲዮ ሲቀረጽ የድምፅ መሐንዲስ የነበረው አለን ፓርሰንስ ሚክሰሩ ፊት ተቀምጦ አንዱን ትራክ ዘግቶ ሌላውን ሲከፍት፣ ያልተገናኙት ሰዎች እንደገና አብረው ሲጫወቱ ይሰማሉ። የፊልሙ ትልቁ ብልሃት ይህ ይመስለኛል።

«መኒ» የተባለው ዘፈን መግቢያ ጥሩ ማሳያ ነው። ዋተርስ ሳንቲሞችን በሸክላ ማቡኪያ ሳህን ውስጥ እየጣለ ቀረጸ፤ የሚቀደድ ወረቀትና የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ድምፅም ታከለበት። ቴፑ በማስመሪያ እየተለካ ተቆረጠ፤ ሰባት ቁራጮች ተቀጣጥለው ጫፍና ጫፋቸው ሲገጠም ማለቂያ የሌለው ባለ ሰባት ምት ዙር ሆነ። ኮምፒውተር ባልነበረበት ስቱዲዮ ምት የሚለካው በርዝመት ነበር ማለት ነው። ድምፁ ለብቻው ሲሰማ የመቀሱ ሥራ ከሙዚቃው እኩል ይታያል።

ቴፕ የማይመልሰው ጥያቄም አለ። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ሪቻርድ ራይት ፒያኖ ላይ ተቀምጦ «ብሪዝ» ውስጥ ያለውን አንድ ኮርድ ይጫወትና ከማይልስ ዴቪስ የ1959 አልበም «ካይንድ ኦፍ ብሉ» እንዳገኘው ይናገራል። የትኛውም ትራክ ቢከፈት ይህን አይነግረንም። እዚህ ላይ ትዝታን ማመን ግድ ይላል፤ ራይት ደግሞ ለራሱ ሳይሆን ለሌላ ሰው ስለሚመሰክር ቃሉ ይታመናል።

ከሁሉ የከበደው የባለቤትነት ጥያቄ ነው። «ዘ ግሬት ጊግ ኢን ዘ ስካይ» ላይ ያለ ግጥም የምታንጎራጉረው ክሌር ቶሪ በጥር 1973 ለአንድ ቀረጻ ተጠርታ 30 ፓውንድ ተከፈላት። ባንዱ የኮርዱን ቅደም ተከተል ሰጣት፤ ዜማውን እዚያው ቆማ ፈጠረችው። ድምፁ የማን እንደሆነ ቴፑን የሰማ ሁሉ ያውቃል፤ የድርሰት መብቱ ግን ለራይት ብቻ ተመዝግቦ ቆየ። ፊልሙ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ ቶሪ ክስ መሠረተች፤ በ2005 ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ውጪ በስምምነት አለቀ። ዝርዝሩ ይፋ አልሆነም፤ ከዚያ ወዲህ በወጡት ሕትመቶች ግን ደራሲ ተብለው የሰፈሩት ራይትና ቶሪ ናቸው።