የኮሪያ ምግብ በኢትዮጵያ

የኮሪያ ምግብ በኮሪያ ባሕረ ገብ መሬት የዳበረ የአመጋገብ ባህል ነው። መሠረቱ ሩዝ፣ አትክልት፣ የባሕር ውጤቶች፣ ሥጋና ልዩ ልዩ የተብላሉ ማባያዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ይህ ምግብ በዋናነት በአዲስ አበባ የሚገኝ ሲሆን አብዛኞቹ የኮሪያ ምግብ ቤቶች በቦሌና በአካባቢው ናቸው። የኮሪያ ገበታ ለብቻ ከመመገብ ይልቅ ለጋራ ማዕድ የሚመች በመሆኑ ከኢትዮጵያ የገበታ ባህል ጋር በብዙ ነገር ይቀራረባል። በአንጻሩ በጾም፣ በአሳማ ሥጋና በዕርድ ጉዳይ ከአገሬው ሥርዓት ጋር የማይስማማባቸው ነጥቦች አሉ።

የሁለቱ አገሮች ግንኙነት

ኢትዮጵያውያን ከኮሪያ ጋር በስፋት የተዋወቁት በጦርነት ነው። የኮሪያ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1950 ሲጀመር ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን ጥሪ ተቀብላ የቃኘው ሻለቃን ላከች። ሻለቃው የተሰየመው በራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው ጦር በ1943 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1951) ፑሳን ወደብ ደርሶ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰለፈ። በጦርነቱ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲሠዉ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ አንድም ወታደር አልተማረከም። ወታደሮቹ በዶንግዱቾን ከተማ ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ላጡ ልጆች ቦህዋ የተባለ ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር።

ኢትዮጵያና ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1963 የዲፕሎማሲ ግንኙነት መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1968 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በቹንቾን ከተማ ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች የቆመውን ሐውልት መረቁ። በዚያው ዓመት ከሐውልቱ አጠገብ «የኢትዮጵያ ቤት» የተባለ ቡና ቤት ተከፈተ፤ ቤቱ የኢትዮጵያን ቡና ለኮሪያውያን በማስተዋወቅ ይታወቃል። ስለዚህ በምግብና በመጠጥ ረገድ የኢትዮጵያ ቡና ወደ ኮሪያ የተጓዘው የኮሪያ ምግብ አዲስ አበባ ውስጥ ከመለመዱ በፊት ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት መሠረተ። በዚህ ጊዜ በደቡብ በኩል የዘመቱት የቃኘው ወታደሮች ውለታ ተዘነጋ፤ ብዙዎቹም ለችግር ተዳረጉ። በሌላ በኩል የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ በሚገኘው የፎገራ ሜዳ የሩዝ እርሻን በማስተዋወቅ ስማቸው ይነሣል። በአካባቢው ለብዙ ዓመታት በስፋት የተዘራው ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያም ከዚያው እንደመጣ ይታመናል። ዛሬ ፎገራ ከኢትዮጵያ ዋና ዋና ሩዝ አምራች አካባቢዎች አንዱ ሲሆን በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ይገኛል። የአካባቢው ሰው ሩዙን በኮሪያውያን መንገድ ቀቅሎ ከመብላት ይልቅ ዱቄቱን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግርበታል፤ ጠላና አረቄም ያወጣበታል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ከደቡብ ኮሪያ ጋር ያለው ግንኙነት እንደገና ተጠናከረ። በገርጂ አካባቢ ሕዝቡ «ኮሪያ ሆስፒታል» የሚለው ሆስፒታል ተከፈተ። በሰሜን አዲስ አበባ በአፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ፓርክና ሐውልት ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሴኡል መብረር ጀመረ። በከተማይቱ የሚኖሩ ኮሪያውያን ሐኪሞች፣ በጎ ፈቃደኞች፣ ሚስዮናውያንና ነጋዴዎች የኮሪያ ምግብ ቤቶች የመጀመሪያ ደንበኞች ናቸው። የኮሪያ ተከታታይ ድራማዎችና ሙዚቃ በወጣቶች ዘንድ መወደዳቸውም የኢትዮጵያውያንን ፍላጎት ከፍ አድርጎታል።

የገበታው አደራደር

የኮሪያ ገበታ ሦስት ነገሮች አሉት፦ ባፕ (የበሰለ ሩዝ)፣ ጉክ (ሾርባ) እና ባንቻን (አጃቢ ምግቦች)። ሩዝና ሾርባ ለእያንዳንዱ ሰው በየሳህኑ ይቀርባሉ፤ ባንቻን ግን በትናንሽ ሳህኖች መሐል ላይ ተደርድሮ ሁሉም ይጋራዋል። ምግቡ እንደ አውሮፓ ገበታ በተራ አይመጣም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀርባል። በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው በያይነቱ ነው፦ በበያይነቱ ልዩ ልዩ ወጦች በአንድ እንጀራ ላይ ሲወጡ በኮሪያ ገበታ ደግሞ እያንዳንዱ አጃቢ የራሱ ሳህን አለው። በብዙ የኮሪያ ምግብ ቤቶች ባንቻን ለብቻው አይከፈልበትም፤ ሲያልቅም ይጨመራል።

ኮሪያውያን «ምግብ በላህ?» ብለው ሰላምታ ይሰጣጣሉ፤ ኢትዮጵያውያን ምግብ ላይ ሆነው የመጣን ሰው «እንብላ» እንደሚሉት ነው። ቤተሰብ ለማለት ከሚያገለግሉት የኮሪያ ቃላት አንዱ ሺክጉ ሲሆን ቃል በቃል «የሚበሉ አፎች» ማለት ነው።

ኪምቺና ሌሎች የተብላሉ ምግቦች

ከኮሪያ ገበታ የማይጠፋው ባንቻን ኪምቺ ነው። በብዛት የሚሠራው ከቻይና ጎመን ነው። ጎመኑ በጨው ተነክሮ ከለሰለሰ በኋላ ይታጠባል። ከዚያም በደቀቀ ቀይ በርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በዓሣ መረቅ ወይም በጨው በተቀመጠ ትንንሽ ሽሪምፕ ተለውሶ በዕቃ ይታሸጋል። አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች የአትክልቱን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል። ኮምጣጣነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ አሲዱ ምግቡ እንዳይበላሽም ይከላከላል። የእንጀራ ሊጥ ሲቦካና ቆጮ ሲብላላ የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ከዚሁ ወገን ናቸው።

ቤተሰብና ጎረቤት ተሰብስቦ የክረምት ኪምቺ የሚያዘጋጅበት ልማድ ኪምጃንግ ይባላል። ዩኔስኮ ይህን ልማድ እ.ኤ.አ. በ2013 የደቡብ ኮሪያ፣ በ2015 ደግሞ የሰሜን ኮሪያ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። በአንድ ጠዋት ብዙ እጅ ተባብሮ የሚሠራ በመሆኑ በኢትዮጵያ የሰፈር ሴቶች ለበርበሬ ዝግጅት ወይም ለድግስ የሚሰባሰቡበትን ደቦ ይመስላል።

ከአኩሪ አተር የሚሠሩት ማባያዎች ጋንጃንግ (ፈሳሽ)፣ ዶዌንጃንግ (ወፍራም) እና ጎቹጃንግ (በበርበሬ የቀላ) ናቸው። ጎቹጃንግ በመልኩ አዋዜን ቢመስልም ከሩዝና ከአኩሪ አተር ስለሚብላላ ጣፋጭነት አለው። የበርበሬ ተክል መነሻ አሜሪካ ስለሆነ ለኢትዮጵያም ለኮሪያም ከ15ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ የመጣ እንግዳ ነው፤ ሆኖም ዛሬ ሁለቱም ገበታዎች ያለ በርበሬ አይታሰቡም።

የተለመዱ ምግቦች

ቡልጎጊ፦ በስሱ ተቆርጦ በአኩሪ አተር መረቅ፣ በስኳር፣ በነጭ ሽንኩርትና በሰሊጥ ዘይት ተዘፍዝፎ የሚጠበስ የበሬ ሥጋ ነው። ለጥብስ ወዳጆች ቅርብ ስለሆነ ለጀማሪ ይመከራል።

ሳምግዮፕሳል፦ በገበታው መሐል ባለ ምጣድ ላይ የሚጠበስ የአሳማ ሆድ ሥጋ ነው። በመቀስ ተቆርጦ ከነጭ ሽንኩርትና ከማባያ ጋር በሰላጣ ቅጠል ተጠቅልሎ በአንድ ጉርሻ ይበላል። ኮሪያውያን አንዳንዴ የጠቀለሉትን በእጃቸው ለሚወዱት ሰው ያጎርሳሉ።

ቢቢምባፕ፦ በሩዝ ላይ የበሰሉ አትክልቶች፣ ሥጋና እንቁላል ተደርድረው በጎቹጃንግ የሚቀላቀል ምግብ ነው። የቾንጁ ከተማ በዚህ ምግብ ትታወቃለች።

ጂጌ፦ እንደፈላ በሸክላ ወይም በብረት ድስት የሚቀርብ ወጥ ነው። ቡዴ ጂጌ የሚባለው፣ ትርጉሙም «የጦር ሰፈር ወጥ» የሆነው፣ ከኮሪያ ጦርነት በኋላ በነበረው ችግር ሰዎች ከአሜሪካ የጦር ሰፈሮች የወጣ የታሸገ ሥጋና ቋሊማ ከኪምቺ ጋር እየቀቀሉ የጀመሩት ነው።

ዩክሆ፦ በቀጭኑ የተከተፈ ጥሬ የበሬ ሥጋ በሰሊጥ ዘይት፣ በኮሪያ ፒርና በእንቁላል አስኳል የሚቀርብ ነው። ከክትፎ ጋር ቢመሳሰልም በቅቤና በሚጥሚጣ ፈንታ ጣፋጭነት ይጫነዋል።

ከመጠጦች ቦሪቻ የሚባለው የተቆላ ገብስ ሻይ የቆሎ ሽታ አለው። ማኮሊ ከሩዝ የሚጠመቅ ደፍራሽ መጠጥ ሲሆን ሶጁ ደግሞ ጠንከር ያለ የተጣራ አልኮል ነው።

የገበታ ሥርዓት

መብላት የሚጀምረው ታላቁ ነው። ከታላቅ ሰው ዕቃ ወይም መጠጥ የሚቀበል በሁለት እጁ ይቀበላል፤ አልኮል ሲጠጣም ፊቱን ትንሽ ዘወር ያደርጋል። መጠጥን ለራስ መቅዳት አልተለመደም፤ አንዱ ለሌላው ይቀዳል። ሩዝና ሾርባ በማንኪያ፣ አጃቢዎቹ ደግሞ በቀጫጭን የብረት መብያ እንጨቶች ይበላሉ። ሳህኑን ወደ አፍ ማንሣት እንደ ነውር ይቆጠራል። መብያ እንጨትን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጎ መሰካት የሙታን መታሰቢያ ሥርዓትን ስለሚያስታውስ በጥብቅ ይወገዳል።

የቡድን ምሳ በአዲስ አበባ

በምሳ ሰዓት በኮሪያ ምግብ ቤት የሚገናኙ የሥራ ባልደረቦች ወይም ጓደኛሞች በአብዛኛው የሚያዝዙት አንድ ወይም ሁለት የጥብስ ዓይነት፣ አንድ ጂጌና ለየሰው ሩዝ ነው። ገበታ ላይ የሚጠበስ ሥጋ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሰው በታች አይታዘዝም። ስለዚህ አራት ሰው ሆኖ የመጣ ቡድን አራት የተለያየ ሳህን ከማዘዝ ይልቅ የጋራ ምርጫ ላይ መስማማት አለበት። ምጣዱ መሐል ላይ ስለሚቀመጥ አንዱ ሥጋውን ሲያገላብጥ ሌላው ቅጠል ያዘጋጃል፤ ጨዋታውም በዚያው ይደራል።

ክፍያን በተመለከተ የኮሪያ ልማድ የጋበዘው ወይም ታላቁ እንዲከፍል ነው፤ ወጣቶች ግን ዛሬ መካፈልን ይመርጣሉ። በኢትዮጵያም «እኔ ልክፈል» እየተባለ ደረሰኝ መሻማቱ የታወቀ ሲሆን በመሥሪያ ቤት ጓደኞች ዘንድ ማዋጣት ተለምዷል። በአዲስ አበባ በምግብ ዝርዝር ላይ የተጻፈው ዋጋ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ላያካትት ይችላል፤ አንዳንድ ቤቶችም የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ። ለማዋጣት የሚያስብ ቡድን ይህን አስቀድሞ ቢጠይቅ ይመረጣል።

ጾም፣ አሳማና ዕርድ

በኢትዮጵያ የኮሪያ ማዕድ ዋናው ፈተና የእምነት ሥርዓት ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናንም ሙስሊሞችም አሳማ አይበሉም። በልማድም ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን ይበላል። ስለዚህ ድብልቅ ቡድን አንድ ምጣድ ሲጋራ የሥጋው ዓይነት ብቻ ሳይሆን ማን እንዳረደውም ጥያቄ ይሆናል። አሳማና የበሬ ሥጋ በአንድ ምጣድ ከተጠበሱም አሳማ የማይበላው ሰው ከገበታው ይገለላል። የተለመደው መፍትሔ የተለየ ምጣድ መጠየቅ ወይም ቡድኑ በአትክልትና በዓሣ ምግቦች መስማማት ነው።

ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ለሚጾሙ ደግሞ ችግሩ የማይታየው ነገር ነው። አትክልት የሚመስለው ኪምቺ የዓሣ መረቅ ሊኖረው ይችላል። የቶፉ ወጥ መረቅ ብዙ ጊዜ ከደረቅ ትንንሽ ዓሣ የተቀቀለ ነው፤ ቢቢምባፕ ላይም እንቁላል ይጨመራል። ዓሣን በጾም የሚበሉና የማይበሉ ምእመናን ስላሉ ምላሹ ከሰው ሰው ይለያያል። «ጾም ነው» ማለት ብቻውን ለኮሪያዊ ምግብ አብሳይ በቂ መረጃ አይሆንም፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤና እንደ ሁኔታው የዓሣ መረቅ እንዳይገባ በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል።

ኮሪያም የራሷ የጾም ወጥ ቤት አላት። የቡድሃ ገዳማት ምግብ ሥጋና ዓሣ አይገባበትም፤ ነጭ ሽንኩርትና የመሳሰሉት ጠንካራ ሽታ ያላቸው ተክሎችም ይቀራሉ። በዚህ መንገድ የሚሠራ ኪምቺ የኢትዮጵያን ጾም ያሟላል።

ግብዓትና ከፍታ

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሰሊጥ፣ ጎመንና የበሬ ሥጋ በአገር ውስጥ በቀላሉ ይገኛሉ፤ የሑመራ ሰሊጥ እንዲያውም ለውጭ ገበያ የሚላክ ነው። የቻይና ጎመን ሲጠፋ በጥቅል ጎመን ኪምቺ መሥራት ይቻላል። የኢትዮጵያ በርበሬ ግን ከኮረሪማ፣ ከነጭ አዝሙድና ከሌሎች ቅመሞች ጋር የተፈጨ ስለሆነ የኮሪያውን በርበሬ በቀጥታ አይተካም፤ ቅመም ያልገባበት የተፈጨ ዛላ ይሻላል።

ሩዝ ለማብሰል የከተማይቱ ከፍታ ራሱ እንቅፋት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። እንደ ሽሮ ሜዳና አዲሱ ገበያ ባሉ የእንጦጦ ግርጌ ሰፈሮች ደግሞ ከፍታው ይጨምራል። በዚህ ሙቀት በተራ ድስት የተቀቀለ ሩዝ ውስጡ ጠጣር ሊሆን ይችላል። ኮሪያውያን የሚወዱትን የሚጣበቅ ሩዝ ለማግኘት በግፊት የሚያበስል ድስት ይመረጣል፤ ይኸው ድስት በአዲስ አበባ ቤቶች ለምስርና ለሥጋ የሚያገለግለው ነው።